የስፌት መኪና በቤት ውስጥ፤ አተካከሉ፥ አሠራሩና ለቤተ ሰብ ንጽሕና የሚሰጠው አገልግሎት

በክረምት ወራት በጊንጪ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ከተማዪቱ በምዕራብ ሸዋ፥ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ስትሆን ብርዷም ዝናቧም ብዙ ነው። አፈሩ ጥቁር መሬት ነው፤ ዝናብ ሲጥልበት እግር ይዞ አይለቅም፥ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ሐምሌ ላይ የተሰጣ ጋቢ ሁለት ቀን ውሎ አድሮ ገና እርጥብ ነው። ይህን አስቀድመን የተናገርነው ስለ ስፌት መኪና እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር ከዚሁ ዝናብና ጭቃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው።

በአንድ የሐምሌ ወር ቤት ለቤት እየዞርን ስለ ንጽሕና ስናስተምር፥ አንዲት አሮጊት ከሴት ልጃቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ከሚኖሩበት ቤት ገባን። እንደ ልማዳችን ትምህርታችንን ጀመርን። ልብስ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ መታጠብ አለበት፥ በፀሐይ መስጣት አለበት፥ በካውያ መተኰስ አለበት እያልን ተናገርን። አሮጊቷ በትዕግሥት ሰሙን። በአገሩ ልማድ «አዴ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ስንጨርስ፥

«እሺ ልጆቼ፥ እንጠበው። ሲታጠብ ታዲያ ልጁ ምን ለብሶ ይዋል?» አሉን።

መልስ አጣን። ከሦስቱ ልጆች እያንዳንዱ ያለው ልብስ የለበሰው ብቻ ነበር። ቀን የሚውሉበት፥ ሌሊትም የሚተኙበት እርሱው ነው። በኮሌጅ ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ ተምረናል፤ ልብሱ እስኪደርቅ ድረስ ባለቤቱ ምን እንደሚለብስ ግን ያስተማረን አልነበረም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

በዚያው ቤት ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰ ነገር ቆሟል፤ በላዩም የፕላስቲክ አበባና ሬድዮ ተቀምጦበታል። ዳንቴሉን ስንገልጥ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ሆኖ አገኘነው። የአሮጊቷ ልጅ በዕቁብ ገንዘብ ከገዛችው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጥቂት ሰፍታበት ክሩ እየተቋጠረ ሲያስቸግራት፥ ኋላም መዘውሩ አልዞር ሲላት ጠረጴዛ አደረገችው። ለልጆቹ ቅያሪ ልብስ ሊሰጥ የሚችለው ዕቃ ሬድዮ ተሸክሞ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቤቱ ስንገባ የስፌት መኪና አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ ካለም ይሠራ እንደሆነ እናያለን። ይህም ትምህርት ከዚሁ ልምዳችን የተዘጋጀ ነው።

ቅያሪ ልብስ ለጤና ይህን ያህል የሚያስፈልግበትን ምክንያት ለመረዳት የልብስ ቅማልን ጠባይ ማወቅ ይገባል። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል የተለየ ነው። የራስ ቅማል በጠጉር ውስጥ ይኖራል። የልብስ ቅማል ግን መኖሪያው ሰውነት ሳይሆን ልብሱ ነው፤ ይልቁንም የልብሱ ስፌት ነው። በብብት፥ በአንገትጌ፥ በወገብና በቅምቅማት እጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና በቀን ውስጥ ደጋግሞ ወደ ሰውነት እየወጣ ደም ጠጥቶ ይመለሳል። ቅጫሙንም የሚጥለው በዚያው በስፌቱ ላይ ነው። ቅጫሙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። የሰው ደም ያጣ ቅማል ግን ከአንድ ሳምንት በላይ መቆየት አይችልም። እንግዲህ ሰው ልብሱን ሳይለውጥ የሚኖር ከሆነ ቅማሉ ቤትም ምግብም አለው። ልብሱ ሲወልቅና ሲቀቀል ሁለቱንም ያጣል።

ይህ ተባይ ከማሳከክ በላይ ጉዳት አለው። ታይፈስ የሚባለውን የተስቦ ዓይነትና በአገራችን ግርሻ የምንለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። አተላለፉ ብዙ ሰው እንደሚመስለው በንክሻ አይደለም። የግርሻ ሕዋስ የሚኖረው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው፤ ሰው ሲያክክ ቅማሉ ሲፈርጥ ፈሳሹ በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። ታይፈስም የሚገባው ከቅማሉ ኩስ ነው። ስለዚህ እናቶች በትርፍ ጊዜ ልጅ አስቀምጠው ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር የሚፈጩት ልማድ፥ በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም፥ በሽታውን በጥፍር መቀበል ነው። ቅማል በፈላ ውሃ ይገደል፤ በጥፍር አይፈጭ።

ስለዚሁ ነገር በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ሲሠራ አንድ ነገር ልብ አለ። የታይፈስ በሽተኞች ሆስፒታሉ በር እስኪደርሱ ድረስ ሌላውን ያስይዛሉ፤ ልብሳቸውን የተቀበለውና ያጠበው ሠራተኛም ይታመማል። ገላቸውን ታጥበው የሆስፒታሉን ንጹሕ ልብስ ለብሰው ከተኙ በኋላ ግን አጠገባቸው የተኛውን እንኳ አያስይዙም። በሩ ላይ የቀረው ልብሳቸው ነው፤ እንግዲያው በሽታው ያለው በልብሱ ላይ ነው አለ። ቅማልን በመመርመርም አረጋገጠው፤ በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አገኘ። ይህ የድሮ ነገር ነው የሚል ቢኖር፥ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ ከገቡ ስደተኞች መካከል በግርሻ የታመሙ ተገኝተዋል። ብዙ ቀን አንድ ልብስ ለብሰው፥ በጠባብ ስፍራ ተጨናንቀው የተጓዙ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ።

ሲንጀርም ሆነ የቻይናው ቢራቢሮ ወይም ሌላ፥ የቤት የስፌት መኪና ሁሉ ሥራው አንድ ነው። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ቦቢን የታችኛውን ክር ያቀብላል፤ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ይቈላለፋሉ። ኢላያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ ይህን ዓይነት ስፌት የሚሠራ መኪና በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846 ዓ.ም. ሲሆን፥ አይዛክ ሲንጀር የራሱን ያስመዘገበው በ1851 ዓ.ም. ነው። በአገራችን በመኪና መስፋት ለብዙ ዘመን የወንዶች ሙያ ሆኖ ቈይቷል፤ ዛሬም በየገበያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ይህ ልማድ ነው እንጂ መኪናው የሚያውቀው ነገር አይደለም።

መኪናው የሚተከልበት ቦታ መመረጥ አለበት። መርፌው ያለው በተቀመጠው ሰው ፊት ከመኪናው ራስ በግራ በኩል ስለሆነ፥ መስኮቱ ወይም በሩ በግራ ቢሆን ብርሃኑ በቀጥታ መርፌው ላይ ያርፋል። በቀኝ የሆነ እንደሆነ የእጅ ጥላ ይጋርደዋል። ሌሊት በኩራዝ መስፋት ዓይን ያደክማል፤ ጣትም ያስወጋል። መብራት የሌለበት ቤት ስፌቱን ቀን ይጨርስ። ከምድጃው መራቅ ይገባል፤ ጢስና ጥላሸት በዘይቱ ላይ እየተለጠፈ መኪናውን ያደርቀዋል፥ የሚሰፋውንም ንጹሕ ጨርቅ ያጠቁረዋል።

የቤታችን ወለል አብዛኛው አፈር ስለሆነ ከአራቱ እግሮች አንዱ ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። መኪና ሲንቀጠቀጥ ስፌቱ ይጣመማል፥ ክር ይበጠሳል፥ ወገብም ይታመማል። ደረጃውን ለማወቅ አንድ ሳህን ውሃ መኪናው ጠረጴዛ ላይ ማኖር ነው። ውሃው ወደ አንድ ወገን ካጋደለ በጐደለው እግር ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ይግባ። ድንጋይ ግን ይንሸራተታል፤ እኛ ሞክረነው አይተናል። ከዚያ ወንበሩን ማስተካከል ነው። ተቀምጠው ሁለት እጅ በመኪናው ላይ ሲያርፍ ክርን ከጠረጴዛው እኩል መሆን አለበት። ሁለቱም እግሮች ፔዳሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ያርፋሉ፤ አንዱ ትንሽ ወደ ፊት ቀደም ይላል። በርጩማ ላይ ጐንበስ ብሎ መስፋት በሳምንት ውስጥ የጀርባ ሕመም ያመጣል።

ስለ ዘይት በሰፊው እንናገራለን፤ የዚያ ቤት መኪና የታመመው በዚሁ ነውና። ሴትየዋ መኪናው ሲጮህባት የኑግ ዘይት አጠጣችው። ለሁለት ሳምንት ያህል ጸጥ አለ፤ ከዚያ ግን ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየደረቀ እንደ ሙጫ የሚይዝ ነው። ቅቤም ይረጋል። ለመኪና የሚሆነው በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው፥ እንደ ውሃ የቀጠነው የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው። የደረቀውን ለማስለቀቅ ላምባ ያስፈልጋል። የጎረቤት ልብስ ሰፊ ጠርተን በካቻቢቴ ክዳኖቹን ፈታን፤ በየቀዳዳው ላምባ ጠብ አደረግን፤ መዘውሩን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያልን ግማሽ ቀን ቈየን። ይህ ሁሉ ሲደረግ ከሰልና ክብሪት በአጠገብ መኖር የለበትም። ላምባው ከተጠረገ በኋላ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ተደረገ። ከዚያ ቡናማ ዘይት መትፋቱን እስኪተው ድረስ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ተሰፋበት። ከመርፌው በታች፥ ጨርቁን የሚስቡት ጥርሶች ባሉበት ስፍራ የተጠቀጠቀው ብናኝ ደግሞ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። ከዚያ ጉድጓድ የወጣውን ስናየው ትንሽ ትራስ የሚሞላ መሰለን።

ቺንጋው ቢላላ ፔዳሉ እየሄደ መኪናው ይቆማል። የቆዳ ቺንጋ ትንሽ ተቈርጦ እንደገና በሽቦ ይጋጠማል። ብዙ ማጥበቅም ፔዳሉን ያከብዳል፤ በጣት ሲጫኑት ጥቂት የሚል ከሆነ በቂ ነው።

መርፌ ሲገባ አንድ ነገር ይታሰብ። በመርፌው በአንዱ ጎን ረጅም ቦይ አለ፤ ክሩ ወደ ቀዳዳው የሚገባው ምንጊዜም ከዚህ ከቦዩ ወገን ነው። መርፌው ተገልብጦ የገባ እንደሆነ መኪናው ፈጽሞ አይሰፋም፤ ሰውም መኪናው ተበላሸ ብሎ ይከፍላል። ለአቡጀዲና ለመሳሰለው 14 ቁጥር፥ ለካኪና ለወፍራም ጨርቅ 16 ቁጥር፥ ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር ይሁን። የላይኛው ክር ሲገባ ጨርቁን የሚጫነው እግር ወደ ላይ መነሣት አለበት፤ ያን ጊዜ ክሩ በማጥበቂያው ሳህኖች መካከል ገብቶ ይቀመጣል። መስፋት ሲጀመር ግን እግሩ ይወርዳል። ሁለቱም ክሮች አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ይሳባሉ። መዘውሩ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ የሚዞረው ላዩ ወደ ሰፊው ሰው እየመጣ ነው። ወደ ኋላ የዞረ እንደሆነ ክሩ ይቋጠራል። የዚያች ሴት የመጀመሪያ ችግር ይኸው ነበር። በጨርቁ ሥር የክር ጉብጉብ ከታየ ጥፋቱ የታች ክር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክር ስለላላ ወይም በመንገዱ ስላልገባ ነው። አውጥቶ እንደገና ማስገባት ይበጃል።

ጀማሪ በጨርቅ አይጀምር። አሮጌ መርፌ ያለ ክር አግብታ፥ የልጆች ደብተር ወረቀት ላይ መሥመሩን ተከትላ ፔዳሉን ትርገጥ። ቀዳዳዎቹ በመሥመሩ ላይ ቀጥ ብለው እስኪሄዱ ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል።

እንግዲህ ምን ይሰፋ? ብዙ ሰው መኪና ሲገዛ የሚያስበው የበዓል ቀሚስ ነው። እኛ የምንመክረው ግን የሌሊት ልብስ ነው። ልጅ የሌሊት ልብስ ካለው የቀኑ ሲታጠብ የሚለብሰው አያጣም፤ ዝናብ ቢያዘገየውም አንድ ቀን ሙሉ በዚያ መዋል ይችላል። የአሮጊቷ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ለስድስት ዓመት ልጅ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዲ 1 ሜትር ከ70 ይበቃል። ጨርቁ አስቀድሞ ለአንድ ሌሊት በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ይድረቅ፤ ያለዚያ ከተሰፋ በኋላ በመጀመሪያው መቀቀል ያጥራል። ከዚያ 1 ሜትር ከ60 ይለካና በቁመቱ ለሁለት ይታጠፋል። እጥፋቱ የትከሻው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ትከሻ ላይ ስፌት የለም። የልጁ ደረት ተለክቶ ለመመቻቸት 20 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል፥ ለሁለት ይከፈላል፥ ለስፌት ደግሞ 3 ይጨመራል። ደረቱ 58 ቢሆን የሰውነቱ ስፋት 42 ይሆናል ማለት ነው። ይህ በጨርቁ መካከል ምልክት ይደረግበታል። ከእጥፋቱ ወደ ታች 18 ሳንቲ ሜትር ለእጅጌው ይተውና፥ ከዚያ በታች በግራና በቀኝ ያለው ትርፍ ይቈረጣል። ብብቱ ላይ ማዕዘን ሳይሆን ክብ ተደርጎ ይቈረጥ፤ ማዕዘን ቶሎ ይቀደዳል። ለአንገት 14 ሳንቲ ሜትር ስፋት፥ በፊት በኩል 5 ጥልቀት፥ ከዚያም 10 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ መሰንጠቂያ ይከፈታል።

በዚህ አቈራረጥ ልብሱ ያለው ረጅም ስፌት ሁለት ብቻ ነው፤ ከእጅጌ ጫፍ እስከ ታች በግራና በቀኝ። ይህን የመረጥነው ስለ ቅማሉ ነው፤ ስፌት ባነሰ ቍጥር መሸሸጊያው ያንሳል። ስፌቱ ከተሰፋ በኋላ ጠርዙ ወደ አንድ ወገን ታጥፎ ዳሩ ላይ ሁለተኛ ይሰፋበት፤ ተንጠልጥሎ እንደ ኪስ ክፍት አይቅር። እርምጃው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን ስንል ቅማል የማይገባበት ስፌት አለ ማለታችን አይደለም። እንዲህ የተሰፋ ልብስ ግን ሙቀት ቶሎ ይገባዋል፤ የሚገድለውም ሙቀቱ ነው።

ከጎንና ከጎን የተቈረጠው ትርፍ አይጣል። አራት ቁራጭ ይሆናል። ለሕፃን የሽንት ጨርቅ ይሆናል፤ ወይም ደራርቦ በመስፋት ለልጃገረዶች የወር አበባ መጠበቂያ ይሠራበታል። ይህን ስንናገር የሚያፍሩ አሉ። ልጃገረዶች በዚህ ምክንያት በወር ጥቂት ቀን ከትምህርት ቤት ሲቀሩ ማየት ይብሳል። መጠበቂያው በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ከፍራሽ ሥር ተደብቆ እርጥብ አይቈይ።

የታጠበው ልብስ ሲቀቀል ውሃው ከ55 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፤ ሙቀት መለኪያ ለሌለው እንዲፈላ ማድረግ ነው። ፀሐይ በሌለበት ክረምት ካውያ ትልቅ ረዳት ነው። የከሰል ካውያ ሲተኵስ ሜዳ ሜዳውን ሳይሆን ልብሱ ተገልብጦ በስፌቱ ላይ ቀስ ተብሎ ይለፍ። በሩ ክፍት ይሁን፤ ብርድ ነው ብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ሳይታወቅ ራስን አስቶ ይገድላል። ሰልባጅ የገዛ ሰው፥ ወይም የጎረቤት ልብስ ለጥገና የተቀበለች ሴት፥ መኪናው ላይ ከማውጣቷ በፊት ትቀቅለው። የማይቀቀል ከሆነ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ።

መኪናው በራሱ የሚያመጣውም አደጋ አለ። ሕፃናት የሚዞር ነገር ይወዳሉ፤ ጣታቸው በመዘውሩና በቺንጋው መካከል ሲገባ፥ አንዱ ልጅ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው መርፌ ሥር እጁን ሲያገባ አይተናል። ሥራው ሲያበቃ ቺንጋው ከመዘውሩ ይውለቅ፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥም መርፌው አይንቀሳቀስም። ስፒል በአፍ መያዝ የሰፊዎች ሁሉ ክፉ ልማድ ነው፤ አንድ ሳቅ ወይም አንድ ሳል ወደ ሳንባ ያወርደዋል። ስፒሉ ተቈጥሮ ይውጣ፥ ተቈጥሮም ይግባ። መርፌ ሲሰበር ሁለቱም ስባሪ ይፈለግ፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ያለበት ቤት ነው።

መርፌ ጣት ውስጥ ገብቶ የቀረ እንደሆነ እጅን መንጠቅ አይገባም። መዘውሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞርና መርፌው ይነሣል። ቁስሉ በውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠባል። ስባሪ ሥጋ ውስጥ ከቀረ ቤት ውስጥ በምላጭ መፈለግ አይገባም፤ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ቁስል ትንሽ ቢሆንም መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በእንዲህ ያለው ነው፤ የመከላከያ ክትባቷን ያልጨረሰች ሴት ትጨርስ። ደም የነካው መርፌ ይጣል።

ያ ቤት ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መኪናው ገና ላምባ ሳይነካው፥ ከመጀመሪያው ጉብኝታችን በአሥራ አንደኛው ቀን፥ ታላቁ ልጅ ታመመ። ድንገት የመጣ ብርቱ ትኩሳት፥ ራስ ምታት፥ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነበረው። ደሙ ሲመረመር ግርሻ ተገኘበት። ግርሻ ጥቂት ቀን አሞ ይተውና ዳነ ሲሉት የሚመለስ ነው፤ ስሙም ከዚሁ ነው። መድኃኒቱ የታወቀና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በተወሰደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፥ የደም ግፊትንም ሊጥል ስለሚችል ከሱቅ ገዝቶ በቤት መዋጥ አደገኛ ነው። ልጁ በሕክምና ቦታ ተኝቶ፥ እየተጠበቀ ወሰደው። ልብሱን አውልቀን ስንቀቅለው የሚለብሰው ስላልነበረው ከመካከላችን የአንዱን ጋቢ አለበስነው። አያቱ በሩ ላይ ቆመው አዩን፤ ያን ጥያቄ ግን አልደገሙትም።

ልጁ ዳነ። ነሐሴ ሳያልቅ መኪናው ተጠግኖ ሦስት የሌሊት ልብስ ተሰፋበት፤ የመጀመሪያው አንገቱ ጠቦ አላስገባ ብሎ እንደገና ተፈታ። መስከረም ላይ ስናልፍ በቤቱ ደጅ ገመድ ተወጥሮ ሦስት የልጆች ልብስ ተሰጥቶበት አገኘን፤ ልጆቹም ሳይራቆቱ በአቡጀዲው ይጫወቱ ነበር። አሮጊቷ ጠርተው አስገቡንና፥ «የእኔስ መቼ ነው? ለትልቅ ሰው ስንት ሜትር ይበላል?» አሉ።

ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 1 ሜትር ከ25 ለሚሆን ሰው፥ ለቅምቅማትና ለማጠር የሚታሰበውን ጨምሮ 2 ሜትር ከ75 ነው። የአዋቂ እጅጌ ከ90ው ስፋት ስለማይወጣ ለብቻው ተቈርጦ ይቀጠላል፤ ለእርሱ ግማሽ ሜትር ይጨመር። በጠቅላላው 3 ሜትር ከ25 ይሆናል።